አምስተኛው ድምፅ

ውድ ሴሩ፣

ሳተላይታችንን ዊላሮን ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አጠፋናት። ትእዛዙን የላክኩት እኔው ነኝ። ምሕዋሯ እየወረደ መጥቶ ነበርና ከሁለት ወር በኋላ አየር ውስጥ ገብታ ትቃጠላለች፤ ከዚያ በፊት ባትሪዋን ማራገፍ ደንብ ነው። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ጣቴ ግን እምቢ አለኝና ሁለት ጊዜ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። አንተን በአካል የምናውቅህ እኔና ፕሮፌሰር ፔንገሊ ብቻ ነን። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ለዚህ ብለው ከግሌኔልግ በትራም፣ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ሌሎቹ የሚያውቁት ስምህን ነው። የሳተላይቷን አቅጣጫ የምታሰላዋን ፕሮግራምህን እስከ ዛሬ «ሴሩ» ነው የሚሏት። «ሴሩ ዛሬ ምን አለች?» «ሴሩን ጠይቋት!» ይባባላሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስምህ በተጠራ ቁጥር ከወንበሬ ቀና እላለሁ። አልለመድኩትም።

የምነግርህ ነገር አለ። በወሩ መጨረሻ የመጨረሻው ሪፖርት ይወጣል፤ እዚያ ላይ ከማንበብህ በፊት ከእኔ እንድትሰማው ፈለግኩ። ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስና ልጀምር፤ ታገሠኝ። ፊት ለፊት የመናገር ድፍረት ቢኖረኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤም ባላስፈለገ ነበር።

ታኑንዳ፣ እናትና አባቴ ዘንድ ለወይን ለቀማ የሄድንበት ሳምንት ትዝ ይልሃል? አባቴ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጥያቄ አፉ ውስጥ ሲያመላልስ ቆይቶ ምሳ ላይ አወጣው።

«መቼም አንተ ልጅ፣ የደሴት ሰው ነህና አያትህ በከዋክብት እየተመሩ ታንኳ የሚነዱ መርከበኛ ነበሩ፤ አይደል?»

«አያቴ የሱቫ ከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፣ አቶ ሊንድነር» አልከው። «ባሕር ያስመልሳቸው ነበር።»

እናቴን ሾርባው ትን አላት። አባቴ ጆሮው ቀላና ወሬውን ወደ ሥራችን አዞረው። «ታዲያ ይሄ ሌት ተቀን የምትለፉበት ነገር ምንድን ነው? ትራክተሬ ላይ ያለው ሳጥን ከሳተላይት እየተቀበለ የት እንዳለሁ ይነግረኝ የለ? አልቆ የለም እንዴ?»

«ወዴት እንደዞሩስ ይነግርዎታል?»

አባቴ አሰበ። «ስነዳ አዎ። ቆሜ ከሆነ ግን አያውቅም።»

«እንግዲያው ሁለት ሳጥን ይግዙ፤ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ።»

«ሁለት! አንተ ልጅ፣ ሻጭ ነህ እንዴ?»

ያኔ የጨውና የቁንዶ በርበሬ ዕቃዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠህ መዳፍህን እንደ ማዕበል እያወዛወዝክ ወደ እነሱ አመጣኸው። ከላይ የሚመጣው ሲግናል ማዕበል ነው፣ ርዝመቱም አንድ ስንዝር ያህል ነው አልከው። ትራክተሩ ዞር ሲል ማዕበሉ አንዱን ሳጥን ቀድሞ፣ ሌላውን ዘግይቶ ይነካዋል። በምን ያህል እንደቀደመ የለካ ሰው ትራክተሩ ወዴት እንደዞረ ያውቃል። «ሦስተኛ ከጨመሩ ደግሞ ወደ ጎን ማዘንበልዎንም አውቃለሁ።»

«ማዘንበሌን ሚስቴም ታውቃለች» አለ አባቴ፣ ብርጭቆውን እያነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ያ ልጅ» ማለት ትቶ «ሴሩ» ይልህ ጀመር። በየገናው ስላንተ ይጠይቀኛል። «ደህና ነው» እለዋለሁ፤ ሳላውቅ።

በሳተላይት ላይም ነገሩ ያው ነው። ከዋክብትን እያየ አቅጣጫ የሚለየው የከዋክብት ካሜራ ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ፀሐይ ካየ ይታወራል። አንተ ግን ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ይዘነው የምንዞረው ስልክ የሚቀበለውን ሲግናል በሦስት አንቴና ተቀብለን አቅጣጫዋን እናውቃለን አልክ። አንድ ችግር ብቻ ነበረው። ሲግናሉ በቀጥታ ብቻ ሳይሆን የፀሐይ ኃይል ከሚሰበስቡት ክንፎች ላይ ነጥሮም ይመጣልና ስሌቱን ያሳስታል። ለዚህ ነበር ከእንጨትና ከቆርቆሮ የዊላሮን አምሳያ ሠርተህ፣ በጥር፣ አርባ ሦስት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ የወጣኸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ክንፉን ትንሽ ትንሽ እያጠፍክ ነጥሮ የሚመጣውን ለካህ። ቁጥሩን በእርሳስ ትጽፋለህ፣ ላብህ ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል።

«አንተ ሰው» አልኩህ አንድ ቀን ውሃ ይዤልህ ወጥቼ፣ «ክንፉ ወይ ይከፈታል ወይ አይከፈትም። ግማሽ ተከፍቶ የቀረ ክንፍ ማን ይለካል?»

«አንቺ ዝናብ የማያውቅ አገር ስላደግሽ ነው። እኛ ጋ ዣንጥላ የሚያዘው ሰማዩ ጥርት ያለ ዕለት ነው።»

ሳቅኩብህ። ከዚያ ባርኔጣህን አወለቅክና፣ ዓይንህን ከመለኪያው ሳታነሳ፣ በእኔ ራስ ላይ ደፋኸው። ውስጡ እርጥብ ነበር። እዚያው ቆሜ ለአሥር ደቂቃ ያህል መናገር አቃተኝ። አንተ ሙቀቱ መስሎህ «ግቢ፣ ትወድቂያለሽ» አልከኝ። ሙቀቱ አልነበረም፣ ሴሩ።

ሰኔ ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የዊላሮ ዋና አቅጣጫ መሪ ያንተ ዘዴ ይሁን ወይስ የከዋክብት ካሜራው? ያንተ ከጸደቀ ብሬመን ሄደህ ከአጋሮቻችን ጋር ሁለት ዓመት ትሠራለህ፤ ጀርመኖቹ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ሰጥተው ነበር። አምስት ነበርን። ሁለት ደግፈው ሁለት ተቃወሙ። ስሌትህን መስመር በመስመር የመረመርኩት እኔ ስለነበርኩ ፕሮፌሰር ፔንገሊ የመጨረሻውን ቃል ለእኔ ተዉት።

«ሚስ ሊንድነር፣ ቁጥሮቹን ያየሽው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

«ለዋና መሪነት አልደረሰም» አልኩ። «እንደ ሙከራ አብሮ ይብረር፤ ጠፍቶ።»

አንተ በጥግ በኩል ተቀምጠህ ነበር። አልተቆጣህም። እስክሪብቶህን ክዳኑን ከደንክና ኪስህ ውስጥ ከተትከው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር አብረን ሠራን፤ የምንነጋገረው ግን ስለ ብሎንና ስለ ሽቦ ብቻ ሆነ። ኅዳር ላይ አባትህ ታመሙ። የመልቀቂያ ደብዳቤህን ጠረጴዛዬ ላይ ሳገኘው ለአባትህ ብለህ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ለአባትህ ቢሆን ፈቃድ ትጠይቅ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኩህ እኔ ነኝ። በሩ ጋ ቆመህ «የምትነግሪኝ ነገር የለም?» አልከኝ። እኔም «ሻንጣህ ከሠላሳ ኪሎ እንዳያልፍ» አልኩህ። ሳቅ አልክና ገባህ። ወደ መኪናው ተመልሼ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ የመኪና ማቆሚያው ሰውዬ መስኮቴን አንኳኩቶ «እመቤት፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» እስኪለኝ ድረስ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ግማሹን ታውቃለህ። ዊላሮ በቀጣዩ ዓመት ወጣች፤ ያን ዕለት መልእክት ጽፌልህ ሳልልከው ቀረሁ። አንደኛው ክንፏ ግማሽ ተከፍቶ ቀረ። እኔም ካፊቴሪያው ውስጥ ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ሰው ያበድኩ መሰለው። በአራተኛው ወር የከዋክብት ካሜራዋ ሞተ። ወዴት እንደዞረች ሳታውቅ ትንከባለል ጀመር። ክንፏ ፀሐይ አያገኝም፤ ባትሪዋ በየቀኑ ይወርዳል። በቀን አራት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር ደቂቃ ብቻ በላያችን ታልፋለች። ያንተ ፕሮግራም ጠፍቶ ሆዷ ውስጥ ተኝቷል። ቢነሳ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ በተከፈተ ክንፍ የተሰላ ስለነበር ይሳሳታል። ትክክለኛው ቁጥር ያለው ያንተ ደብተር ላይ ብቻ ነበር።

ሱቫ ደወልኩ። እህትህ ማካሬታ አነሳች።

«ሴሩን ማግኘት እችላለሁ? ከአደላይድ ነው። ቲልዳ እባላለሁ።»

«ያቺ ቲልዳ?»

«የትኛዋ እንደሆነች እንጃ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ። ወደብ ላይ ነው፤ የባሕሩን ጥልቀት እየለካ። ሲገባ እነግረዋለሁ። ካልነገርኩትም እንዳትቀየሚኝ።»

«እባክሽ፣ ዊላሮ እየሞተች ነው በይልኝ።»

«ሰው ናት?»

«አይደለችም።»

«እንግዲያው ሻይ ልጠጣና እነግረዋለሁ።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ደወልክ። ሰላምታም የለ። «ክንፉ ስንት ዲግሪ ላይ ቆመ?»

«አርባ አምስት አካባቢ። አንተ ግን የለካኸው በየአሥሩ አልነበረም? አርባና ሃምሳ ብቻ ነው የሚኖርህ።»

«አርባ አምስትም አለኝ። ስትስቂብኝ ተናድጄ በየአምስቱ አደረግኩት።»

አውሎ ነፋስ ቤታችሁ ውስጥ ዝናብ ሲያስገባ ደብተሩ እንደራሰ፣ በፎቶ ቢነሳም እንደማይነበብ ነገርከኝ። እርሳሱ የደበዘዘበትን ከአንተ በቀር የሚለየው የለም። ስለዚህ አነበብክልኝ። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቁጥር። አንተ ትላለህ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብልሃለሁ፣ «አዎ» ትላለህ። አንዳንዱ ጋ ስትደርስ «ቆይ፣ እዚህ ላይ ያንቺ የውሃ ኮዳ ነው የፈሰሰው» ትላለህ። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ከቁጥር በቀር አንድም ነገር አልተነጋገርንም። ሴሩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ወሬ የለም። ሁለት መቶ አሥራ ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ሌላ ገጽ ይኖር ይሆን ብዬ ጠብቄያለሁ።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ስገባ ባትሪው አሥራ ዘጠኝ በመቶ ላይ ነበር። ተቀባዩንና ፕሮግራሙን ማስነሳት ከቀረው አብዛኛውን ይበላዋል።

«ካልሠራስ?» አሉኝ።

«እናጣታለን።»

«ባንነካውስ?»

«ከሦስት ቀን በኋላ እናጣታለን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አልደረሰም ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ። ዛሬ የመጨረሻዋን ጠብታ ለዚህ ስጠኝ ስትዪኝ ምን ብዬ ልመንሽ?»

እውነቱን ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም። «ቁጥሮቹን አስተካክለናል» አልኩ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ላኪው» አሉ።

ሳተላይቷ አመሻሽ ላይ ስታልፍ ላክነው። በማግስቱ ጠዋት ከአድማሱ ብቅ ስትል ሁላችንም ስክሪኑ ፊት ተሰብስበን ነበር። የመጀመሪያው መስመር መጣ፤ አቅጣጫዋ ተጽፏል። ሁለተኛው መጣ። መንከባለሏ ቆሟል። ክንፏን ወደ ፀሐይ አዙራለች። ባትሪው ሠላሳ አንድ። ፕሮፌሰር ፔንገሊ፣ እኒያ ኮስታራ ሰውዬ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን አቅፈው ዘለሉ።

ደወልኩልህ። ነገርኩህ። «ቲሊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልክ። «ያኔ እውነት አላመንሽበትም ነበር?»

«ያኔ መረጃው በቂ አልነበረም» አልኩህ።

«እሺ። ገባኝ።»

ከበስተኋላህ አንዲት ሕፃን ትስቅ ነበር። የማካሬታ ትሁን ያንተ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ዋሸሁህ፣ ሴሩ። መረጃው በቂ ነበር። ስሌትህን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች መርምሬዋለሁ፤ አንድ ስሕተት አላገኘሁበትም። እንደውም ከካሜራው እንደሚሻል ለራሴ በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ኮሚቴው ፊት ስቆም የታየኝ ግን ቁጥሩ አልነበረም። ብሬመን ነው የታየኝ። ሁለት ዓመት። አንተ በረዶ ላይ ስትሄድ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስትስቅ፣ ከዚያም አለመመለስህ። አፌን ስከፍት «አልደረሰም» የሚለው ወጣ። ካልጸደቀ አደላይድ ትቀራለህ፤ ከቀረህ አንድ ቀን ድፍረት አገኛለሁ ብዬ ነበር። አንተን አጠገቤ ለማቆየት ስል ሥራህን ውሸት አደረግኩት። ያ ውሸት ራሱ ይዞህ ሄደ።

በዚህም አላበቃሁም። ዊላሮ ከዳነች በኋላ ስለ ዘዴው የጻፍነው ጽሑፍ ሲታተም ስሜ መጀመሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ያንተ ስም መጨረሻ ላይ፣ ከሚመሰገኑት ተርታ። ፕሮፌሰሩ ናቸው እንዲህ ያደረጉት፤ ባለማወቅ። እኔ ግን እያወቅኩ ዝም አልኩ። እድገት አገኘሁበት። ጉባኤ ላይ አጨበጨቡልኝ። በተጨበጨበልኝ ቁጥር እስክሪብቶህን የከደንክበት ድምፅ ይሰማኛል፤ ክዳን ሲዘጋ ምን ያህል ድምፅ እንዳለው አንተ አታውቅም።

ዓርብ ዕለት ዊላሮን ካጠፋን በኋላ ሰዉ ወጣ። ፕሮፌሰር ፔንገሊ ቀርተው «እንግዲህ ሪፖርቱን ትጽፊያለሽ» አሉኝ። «ዘዴው ለምን በመጀመሪያ እንዳልተመረጠ የሚለው ምዕራፍ ላይ ያኔ ያልሽውን ድገሚው።»

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ብሬመንን፣ ጣሪያውን፣ ባርኔጣውን እንኳ።

ያጽናኑኛል ብዬ ነበር መሰለኝ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «በአንቺ ቃል እኮ ነው የጀርመኖቹን ገንዘብ የመለስኩት» አሉ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ጠንቃቃ ሴት እያልኩ ሳመሰግንሽ ኖርኩ!» ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «እሱስ ያውቃል?» አሉኝ። «አያውቅም» አልኩ። «ሴትዮ» ብለውኝ ወጡ። ትራም እስኪመጣ ማቆሚያው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው በመስኮት አየኋቸው። ሄጄ አጠገባቸው ልቀመጥ አልደፈርኩም።

ቅዳሜና እሑድ ምዕራፉን ጻፍኩ። የኮሚቴው አምስተኛ ድምፅ ከሙያ ውጭ በሆነ የግል ምክንያት የተሰጠ እንደነበር፣ ስሌቱ ከመጀመሪያውም ትክክል እንደነበር፣ ድምፁን የሰጠችውም ቲልዳ ሊንድነር እንደሆነች። ለመጽሔቱ አዘጋጅም ጻፍኩ፤ ስምህ ከፊት ይሆናል፣ የእኔ ከሚመሰገኑት ጋር። ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ምናልባት ምንም፤ ምናልባት ወንበሬን። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ሁለት ዓመት ብሬመን ልትሠራበት የሚገባህን ጊዜ ወደብ ላይ ጭቃ ስትለካ አሳልፈሃል፤ እሱን የሚመልስ ሪፖርት የለም።

ይቅር በለኝ ማለት ይቀለኛል፤ ስለዚህ አልልህም። ልልህ የሚገባኝ ሌላ ነው፤ በአደባባይ ሳይሆን በዚህ ወረቀት። እወድህ ነበር። አሁንም ሞቃት ቀን ሲሆን ወደዚያ ጣሪያ እወጣለሁ። ምንም አልለካም። ዝም ብዬ እቆምና እወርዳለሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ ጠባቂው «ዶክተር፣ ቁልፍ ጠፋብሽ?» ይለኛል። «አዎ» እለዋለሁ።

የሱቫው ዩኒቨርሲቲ በሐምሌ ለሁለት ሳምንት መጥቼ ይህንኑ ዘዴ እንዳስተምር ሦስት ጊዜ ጋብዞኝ ሦስቴም እምቢ ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት እሺ ብዬ ጻፍኩላቸው። ትምህርቱ የሚጀመረው ሐምሌ አሥራ አራት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ባለትዳር ብትሆን፣ ያቺ ሕፃን ልጅህ ብትሆን፣ ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ያመኛል፤ እሱ የእኔ ጉዳይ ነው። ፊቴን ማየት ካልፈለግክ አትምጣ፤ ማካሬታንም ደውዬ አላስቸግራትም። ከመጣህ ግን ቾኩን አንተ ትይዛለህ። ቀመሩን ለልጆቹ የሚያስረዳው ባለቤቱ ነው። እኔ ሰሌዳ አጠፋለሁ።

ቲልዳ
አደላይድ፣ እሑድ ከሰዓት